ባለ 99 ካርድ ሁሉ እኩል አይደለም፦ በዳይመንድ ዳይናስቲ ተጫዋች አመራረጥ

ኤም ኤል ቢ ዘ ሾው በሚባለው የቤዝቦል ቪዲዮ ጌም ላይ ዳይመንድ ዳይናስቲን፣ ማለትም የተጫዋች ካርድ እየሰበሰቡ ቡድን የሚሠሩበትን ክፍል፣ የምትጫወቱ ከሆነ ነገሩ ሳይደርስባችሁ አይቀርም። ያጠራቀማችሁትን ስታብስ፣ የጌሙን ገንዘብ፣ ሙልጭ አድርጋችሁ አንድ ባለ 99 ካርድ ትገዛላችሁ። ቡድኑ ውስጥ ታስገቡታላችሁ። ከዚያ ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት ባለ 91 ካርድ የያዘ ተጋጣሚ ይመጣና ሆም ረን በሆም ረን አድርጓችሁ ይሄዳል። «ጌሙ ሸወደኝ» ማለት ይቀላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚሸውደው ካርዱ ፊት ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ነው።

ያ ቁጥር፣ ኦቨራል የምንለው፣ ብዙ ችሎታዎች አንድ ላይ ተጨፍልቀው የሚወጣ ውጤት ነው። ምት አለበት፣ ፊልዲንግ (የተመታን ኳስ መያዝ) አለበት፣ ሩጫ አለበት፣ ክንድ አለበት። እናንተ የምትፈልጉት ግን ከእነዚህ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ብቻ ሊሆን ይችላል። የቀረውን ሳትጠቀሙበት ትከፍሉበታላችሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምናየው ከኦቨራሉ ጀርባ ያለውን አንብቦ ካርድ መምረጥን ነው። ቤዝቦሉን በመጠኑ እንደምታውቁት፣ ጌሙንም ጥቂት እንደነካካችሁት ቆጥሬ ነው የምጽፈው።

ደረጃዎቹን ብቻ ላስታውስ። ከ65 እስከ 74 ብሮንዝ፣ ከ75 እስከ 79 ሲልቨር፣ ከ80 እስከ 84 ጎልድ፣ ከ85 ጀምሮ ዳይመንድ ነው። ዳይመንድ የሚለው ስም ያማልላል እንጂ በ85 እና በ99 መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው። ደግሞ የኦቨራል ጣሪያ 99 ቢሆንም የየችሎታው ጣሪያ 125 ነው። ሁለት ባለ 99 ካርዶች ጎን ለጎን ቆመው የአንዱ ፓወር (የምት ኃይል) 90፣ የሌላው 125 ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው።

አንደኛ፦ የት እንደምትጫወቱ ለዩ

ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። በቀጥታ ገበያው ውስጥ ይገባል፣ ዓይን አዋጅ ይሆንበታል፣ ስሙን የሚያውቀውን ተጫዋች ገዝቶ ይወጣል።

ጌሙ የክብደት ደረጃዎች አሉት። ኦል-ስታር፣ ከእሱ በላይ ሆል ኦፍ ፌም፣ ከእሱ በላይ ሌጀንድ። ደረጃው ሲከብድ ኳሱ ይፈጥናል፣ የማነጣጠሪያዋ ክብ፣ ፒሲአይ የምንላት፣ ትጠባለች፣ በሰዓቱ መምታትም ይከብዳል። ራንክድ ላይ፣ ማለትም ከሌሎች ሰዎች ጋር ለደረጃ በሚደረገው የኦንላይን ውድድር፣ ነጥባችሁ ከፍ እያለ ሲሄድ ጨዋታው ራሱ ወደ ከባዱ ደረጃ ያሻግራችኋል።

ይህ ለካርድ ምርጫ ምን ማለት ነው? ኦል-ስታር ላይ ክቧ ገና ሰፊ ናት። ኮንታክቱ (ኳሱን የማግኘት ችሎታው) 80 የሆነ መቺ እንኳ ኳሱን በደንብ ያገኘዋል። ስለዚህ እዚያ ፓወርን አስቀድሙ። ሆል ኦፍ ፌም ስትገቡ ነገሩ ይገለበጣል። ያው ባለ 80 ኮንታክት መቺ ክቡ የሽምብራ ፍሬ ታክላለች፣ እናንተም ባዶ አየር ትቀዝፋላችሁ። እዚያ ኮንታክትና ቪዥን የግድ ይሆናሉ። ኦል-ስታር ላይ ተአምር ሲሠራ የነበረ ካርድ ወደ ላይ ስትወጡ ድንገት የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ካርዱ አልተበላሸም። እናንተ ሰፈር ቀይራችኋል።

ከኮምፒውተር ጋር ብቻ የምትጫወቱ ከሆነ አትጨነቁ። በፕሮግራሞች በነጻ የሚገኙት ካርዶች ይበቃሉ። ስታብሳችሁን ያዙ።

ስታዲየሙንም አስቡበት። ሜዳውን የሚመርጠው ባለሜዳው ነው። ዴንቨር ያለው ኩርስ ፊልድ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱ ይርቃል፣ ጌሙም ይህን ያሰላል። ተጫዋቾች ራሳቸው የሠሯቸው ከፍታቸው የተጋነነ ስታዲየሞችም አሉ። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሜዳ ከሆነ መካከለኛ ፓወር ያለው ባለ ትልቅ ኮንታክት መቺም ኳስ ከአጥር ያወጣል፤ ለፓወር የሚከፈለው ተጨማሪ ዋጋ ያን ያህል አያስፈልጋችሁም። አጥሩ ሩቅ የሆነ፣ ዝቅተኛ ቦታ ያለ ሜዳ ከመረጣችሁ ግን ያው መቺ አጥሩ ሥር ተይዞ ይመለሳል።

ሁለተኛ፦ የመቺውን ካርድ ገልብጣችሁ አንብቡ

ካርዱን ክፈቱና ከኦቨራል ሳይሆን ከአራት ቁጥሮች ጀምሩ። ኮንታክት በቀኝ እጅ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ላይ፣ ኮንታክት በግራ እጅ ፒቸር ላይ፣ ፓወር በቀኝ ፒቸር ላይ፣ ፓወር በግራ ፒቸር ላይ። የመምታት ነገር በአብዛኛው እዚህ ያልቃል።

በግርድፉ ሲታይ ኮንታክት ክቧን ያሰፋል። ፓወር በደንብ የተመታው ኳስ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚወጣ ይወስናል። ቪዥን ኳሱን ጨርሶ እንዳትስቱት ያግዛል። ዲሲፕሊን የጀመራችሁትን ምት ስታቋርጡ ዱላው በጊዜ እንዲቆም ይረዳል። ክላች ደግሞ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቤዝ ላይ ሯጭ ሲኖር ሥራውን ይጀምራል። ነጥብ የሚቆጠረው ያኔ ስለሆነ ክላችን አትናቁት። ኮንታክቱ ጥሩ ሆኖ ክላቹ 60 የሆነ ካርድ በጣም በምትፈልጉት ሰዓት ይጥላችኋል።

የኮንታክትና የፓወር ልዩነት በእውነተኛው ሜዳ ቁልጭ ብሎ የሚታየው በሁለት ሰዎች ነው። ቶኒ ግዊን በ20 የውድድር ዘመን ስትራይክ አውት የሆነው 434 ጊዜ ብቻ ነው፤ ሆም ረኖቹ ግን 135 ናቸው። ሬጂ ጃክሰን 563 ሆም ረን መታ፤ ስትራይክ አውት የሆነው ደግሞ 2,597 ጊዜ ነው፣ በሊጉ ታሪክ አንደኛ። ጌሙ የድሮ ተጫዋቾችን ካርድ ሲሠራ እንዲህ ያለውን ጠባይ ወደ ቁጥር ለመቀየር ነው የሚሞክረው። ጥያቄው ታዲያ የትኛው ይበልጣል አይደለም። እናንተ በሰዓቱ መምታት ይቀናችኋል ወይስ ክቧን በትክክል ማስቀመጥ? ሰዓታችሁ ጥሩ ሆኖ ክቧን አንድ ጣት ያህል ከሳታችሁ ኮንታክት ያድናችኋል። አቀማመጣችሁ ጥሩ ከሆነ ፓወር ግዙ።

አሁን አንድ ምሳሌ በቅርብ እንይ። ሁለት ካርዶች አሉ እንበል። የመጀመሪያው ኦቨራሉ 96 ነው። በግራ ፒቸር ላይ ኮንታክቱ 120፣ ፓወሩ 118። በቀኝ ላይ ኮንታክቱ 81፣ ፓወሩ 84። ፊልዲንጉ 92። ሁለተኛው ኦቨራሉ 91 ነው። በቀኝ ላይ ኮንታክቱ 108፣ ፓወሩ 104። በግራ ላይ 83 እና 80። ፊልዲንጉ 64። የመጀመሪያው በዋጋ ብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ግን አብዛኞቹ ፒቸሮች ቀኝ እጅ ናቸው። እንግዲህ የመጀመሪያውን ከገዛችሁ አብዛኛውን ጨዋታ የምታሳልፉት ባለ 81 እና ባለ 84 መቺ ይዛችሁ ነው። 120ዋ ቆማ ትመለከታለች። በዲኤች ቦታ፣ ማለትም ፊልዲንግ በማያስፈልግበት፣ ሁለተኛው ካርድ ያለ ጥርጥር ይሻላል። የመጀመሪያው ደግሞ ግራ እጅ ፒቸር ሲመጣ ብቻ ከተጠባባቂ ወንበር የሚነሳ መሣሪያ ነው።

እጅን በተመለከተ ደንቡ ቀላል ነው። ከፒቸሩ ተቃራኒ እጅ የሚመታ ሰው ኳሱ ወደ እሱ ሲታጠፍ ያየዋል። በአንድ ዓይነት እጅ ከሆኑ ኳሱ ከእሱ ይሸሻል። ለዚህ ነው በሁለቱም እጅ የሚመቱት፣ ስዊች ሂተሮቹ፣ የሚወደዱት። ተጋጣሚያችሁ የፈለገውን ፒቸር ቢያስገባ እነሱ ዞር ይላሉ። ሚኪ ማንትል 536 ሆም ረን፣ ቺፐር ጆንስ 468 የመቱት በሁለት እጅ ነው። ከዛሬዎቹ ኤሊ ደ ላ ክሩዝ አለ፤ በ2024 ደግሞ 67 ቤዝ ሰርቆ ሊጉን መርቷል። ግን እዚህም ወጥመድ አለ። ስዊች ሂተር ስለተባለ ሁለቱም ጎኑ እኩል ነው ማለት አይደለም። አራቱን ቁጥሮች እዩ።

አሰላለፋችሁ ውስጥ ከግራ የሚመቱትንና ከቀኝ የሚመቱትን አፈራርቁ። ሦስት ግራዎች ተከታትለው ከቆሙ ተጋጣሚ አንድ ግራ እጅ ፒቸር አውጥቶ ሦስቱንም ጠራርጎ ይወጣል።

አንድ ቁጥር የማይለካው ነገር ደግሞ አለ። የምት አኳኋን፣ ስዊንግ። ከርቀት እግሩን አንስቶ የሚረግጥ አለ፣ ዝም ብሎ ቆሞ ዱላውን የሚያሽከረክር አለ። በወረቀት እኩል የሆኑ ሁለት ካርዶች እጃችሁ ላይ የተለያዩ ይሆናሉ። ኦንላይን ላይ ኳሱ የሚፈጀው ጊዜ በጣም አጭር ነው። ፒቸሩ የሚቆምበት ቦታ ከሆም ፕሌት 18.44 ሜትር ይርቃል፤ በሰዓት 100 ማይል፣ ማለትም 161 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ኳስ በ0.4 ሰከንድ ገደማ ይደርሳል። በዚህ ላይ የኢንተርኔቱ መዘግየት ሲጨመር ዓይናችሁን የሚያደናግር አኳኋን ያለው መቺ አይሆናችሁም። ሰዎች «ይህ ካርድ ከቁጥሩ በላይ ይመታል» ሲሉ ብዙውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ ስዊንጉ ነው። የሌላ ሰው ምርጥ ስዊንግ የእናንተ ላይሆን ይችላል። ይህን የሚነግራችሁ ሙከራ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፦ ፊልዲንግ የት ይከፈልበታል?

ሁሉም ቦታ አይደለም። ካቸር፣ ሾርትስቶፕ፣ ሁለተኛ ቤዝና ሴንተር ፊልድ። እነዚህ አራቱ የሜዳው መሐል ናቸው፤ ኳስ የሚበዛው እዚያ ነው። እኔ ሾርትስቶፕና ሴንተር ፊልድ ላይ ፊልዲንጉ ከ85 በታች የሆነ ሰው አላስቆምም፣ ምቱ ምንም ያህል ቢያምር። 9ኛው ኢኒንግ ላይ በእጁ ያለፈች አንዲት ኳስ የሦስት ሆም ረን ያህል ታናድዳለች።

በሌላ በኩል ለጓንት ብሎ ዱላ መጣልም አያዋጣም። ኦዚ ስሚዝ 13 ጎልድ ግላቭ የወሰደ ሾርትስቶፕ ነው፤ በሕይወቱ የመታው ሆም ረን ግን 28 ነው። እንዲህ ያለ ካርድ በ8ኛው ኢኒንግ መሪነትን ለማስጠበቅ ከወንበር ተነሥቶ ቢገባ ግሩም ነው። ከመጀመሪያው ካሰለፋችሁት ግን በየዙሩ አንድ አውት በስጦታ ትሰጣላችሁ።

ፈርስት ቤዝና ሌፍት ፊልድ ላይ ዱላውን ብቻ እዩ። ሦስተኛ ቤዝ ላይ ክንድና ሪአክሽን። ራይት ፊልድ ላይ ክንድ፣ ምክንያቱም ወደ ሦስተኛ ቤዝ የሚወረውረው ከሩቅ ነው። ካቸር ላይ የክንድ ጥንካሬና ብሎኪንግ፦ ክንዱ ደካማ ከሆነ ሯጭ ያለው ተጋጣሚ ሲሰርቅባችሁ ይውላል።

ካርዱ ላይ ከዋናው ቦታ ቀጥሎ የተጻፉትን ሌሎች ቦታዎችም አንብቡ። ሰውን በማያውቀው ቦታ ካስቆማችሁት ፊልዲንጉ ይቀንሳል። ሦስት አራት ቦታ የሚሸፍን ካርድ ግን ተጠባባቂ ወንበራችሁን ያሰፋላችኋል።

ሩጫን በተመለከተ ብዙ አልልም። ሁሉም ፈጣን መሆን የለበትም። አንድ ሁለት እግር ያለው ሰው ይበቃል፣ አንዱም ከወንበር ሊነሣ ይችላል። ስፒዱን ብቻ ሳይሆን ስቲሊንግ የሚለውንም እዩ።

አራተኛ፦ ፒቸር፣ ብዙ ስታብስ የሚባክንበት ቦታ

ሰው መቺ ሲገዛ በመጠኑም ቢሆን ያስባል። ፒቸር ሲገዛ ግን ስም ያያል፣ ኦቨራል ያያል፣ በቃ። እዚህ ላይ ኦቨራል ከሁሉም በላይ ይዋሻል። ምክንያቱም የፒቸር ትልቁ ሀብት ኦቨራል ውስጥ በደንብ የማይታየው የኳሶቹ ስብጥር ነው።

ካርዱን ስትከፍቱ መጀመሪያ የሚወረውራቸውን የኳስ ዓይነቶች ዝርዝር እዩ። ሦስት ነገር ፈልጉ።

አንደኛ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄዱ ሁለት ፈጣን ኳሶች። ሲንከርና ከተር የሚወደዱት ለዚህ ነው። ከቀኝ እጅ ፒቸር የወጣ ሲንከር ወደ ቀኝ መቺው ጎን ይገባል፣ ከተሩ ደግሞ ወደ ውጭ ይሸሻል። ሁለቱም ከአንድ እጅ፣ በተቀራረበ ፍጥነት፣ በአንድ መንገድ ይጀምሩና ፕሌቱ አጠገብ ሲደርሱ ይለያያሉ። መቺው ውሳኔውን ጨርሶ ሳለ።

ሁለተኛ፣ የፍጥነት ልዩነት። ፋስትቦሉ 97 ማይል ከሆነ ቼንጅአፑ 86 ወይም 87 ቢሆን መልካም ነው። ከ8 እስከ 12 ማይል የሚደርስ ክፍተት የመቺውን ሰዓት ያዛባል። ሁሉም ኳሶቹ ከ90 እስከ 96 ማይል መሐል የታጨቁበት ፒቸር ግን መልኩ ፈጣን ይሁን እንጂ ተጋጣሚ ሁለት ኢኒንግ ውስጥ ይለምደዋል። ከዚያ በኋላ ጉድ ይፈላል።

ሦስተኛ፣ ታች የሚወርድ ኳስ። ስላይደር፣ ስፕሊተር፣ ከርቭ፣ አንዱ ይኑር። ሁለት ስትራይክ ላይ ተጋጣሚን የምታስቱት በዚህ ነው።

ማሪያኖ ሪቬራ በእውኑ ሜዳ በአብዛኛው በአንድ ከተር 652 ሴቭ ሰብስቧል። ያ የእሱ እጅ ነው። እዚህ ደግሞ ከወዲያ በኩል የተቀመጠው ሰው የምትደጋግሙትን ኳስ ይለምዳል፣ ይጠብቃችኋል። ለስታርተር፣ ማለትም ጨዋታውን ለሚጀምረው ፒቸር፣ ቢያንስ አራት፣ ቢቻል አምስት የኳስ ዓይነት ይኑረው።

ከዚያ ወደ ቁጥሮቹ ሂዱ። ሂት በ9 እና ስትራይክ አውት በ9 (በ9 ኢኒንግ ማለት ነው) የሚሉት የተጋጣሚን ክብ የሚያጠቡት ናቸው። መጀመሪያ እነዚህን። ሆም ረን በ9 የሚለው የሚመታባችሁ ኳስ አጥር እንዳያልፍ ያግዛል፤ ቤታችሁ ከፍታ ላይ ያለ ሜዳ ከሆነ ይህን ወደፊት አምጡት። ዎክ በ9 እና ኮንትሮል ኳሱ ያሰባችሁበት ቦታ እንዲያርፍ ያደርጋሉ። ስታሚና ለስታርተር እንጂ ለሪሊቨር፣ በኋላ ገብቶ ለሚተካው፣ ብዙም አያሳስብም።

አውትላየር የሚባል ምልክት ያለበት ፒቸር ካገኛችሁ ልብ በሉ። ምልክቱ ፋስትቦሉን ሌሎች ከሚቆሙበት ፍጥነት በላይ እንዲወረውር ይፈቅድለታል። ኦንላይን ላይ፣ በተለይ ግንኙነቱ ትንሽ ሲንገጫገጭ፣ እነዚያ ተጨማሪ ጥቂት ማይሎች ትልቅ ነገር ናቸው። ቢሆንም ፍጥነት ብቻውን አይበቃም። ጎበዝ ተጫዋች ጋ ስትደርሱ 102 ማይል መሐል ላይ ከወረወራችሁ መልሶ ይልከዋል።

አወራወርም ይታይ። ራንዲ ጆንሰን ቁመቱ 2.08 ሜትር ነው፣ ግራ እጅ ነው፣ ክንዱን ወደ ጎን ዘርግቶ ይለቃል። እንዲህ ያለ ኳስ ከየት እንደመጣ ለማየት ይከብዳል። ከወገብ በታች የሚወረውሩ ሪሊቨሮችም ቁጥራቸው ትንሽ ሆኖ ሥራቸው ትልቅ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳውም አለ። በፒንፖይንት የአወራወር ዘዴ የምትወረውሩ ከሆነ እያንዳንዱ የኳስ ዓይነት በስቲኩ የሚሳል የራሱ ቅርጽ አለው። ፋስትቦሉ ቀላል ነው፣ አንዳንዶቹ ጠመዝማዛ ናቸው። የአንዱን ቅርጽ በጭራሽ መሳል ካልሆነላችሁ ያንን ኳስ ዋና መሣሪያው ያደረገ ፒቸር ስንት ቢያወጣ አይጠቅማችሁም። ከመግዛታችሁ በፊት ልምምድ ላይ ያንን የኳስ ዓይነት የያዘ ማንኛውንም ርካሽ ፒቸር አውጥታችሁ እጃችሁን ሞክሩ።

ሪሊቨሮችን ስትመርጡ እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ይሁኑ። ሁለት ወይም ሦስት ጥሩ ግራ እጆች፣ አንድ ከታች የሚወረውር፣ አንድ በጣም ፈጣን። ስታርተራችሁ ዝግ ያለና ተጣማሚ ከሆነ ከኋላው ፈጣን ይምጣ፤ ፈጣን ከሆነ ዝግ ያለ። ተጋጣሚ ሰዓቱን እንደገና ማስተካከል አለበት። በእኔ እምነት ስታብስ ሲያጥር ውድ ስታርተር ከመግዛት ሦስት ጥሩ ሪሊቨር መግዛት ይሻላል። ኦንላይን ላይ ጨዋታ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ከ6ኛው ኢኒንግ በኋላ ነው።

አምስተኛ፦ ሞክሩት፣ ግን በአንድ ጨዋታ አትፍረዱ

አዲስ ካርድ ገዝታችሁ አራት ጊዜ ቆሞ አንድም ሂት ካላገኘ ወዲያው አትሽጡት። አራት ጊዜ ምንም አይነግርም። የምታዩት ነገር ሂቱን ሳይሆን ምቱን ነው። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ጌሙ ሰዓታችሁንና የክባችሁን አቀማመጥ ያሳያችኋል፣ ኳሱ በምን ያህል ፍጥነት እንደወጣም ይነግራል። ሰዓቱ ጥሩ፣ አቀማመጡ ጥሩ ሆኖ ኳሱ በ100 ማይል ወጥቶ ቢያዝ ካርዱ ሥራውን ሠርቷል፤ ዕድል ነው። ሁልጊዜ «ዘገየህ» የሚላችሁ ከሆነ ግን ስዊንጉ አልተስማማችሁም። እሱ በልምምድ የሚስተካከል ካልሆነ ለቀቅ አድርጉት።

የሙከራ ቦታው ልምምድ ሁነታ ነው፣ በምትወዳደሩበት ደረጃ ክብደት ላይ አድርጋችሁ። ከዚያ ኮንክዌስት ወይም ሚኒ ሲዝን በሚባሉት፣ ከኮምፒውተር ጋር በሚደረጉት ሁነታዎች ላይ ጥቂት ጨዋታ። በቀላል ደረጃ ሞክራችሁ ራንክድ ላይ ብታስገቡት ምንም አልሞከራችሁም።

ፓራለል የሚባለውንም አትርሱ። ካርዱን በተጫወታችሁበት ቁጥር ነጥብ ይሰበስባል፣ ደረጃው እየጨመረ ችሎታዎቹ ከፍ ይላሉ። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የተጫወታችሁበት የቆየ ካርድ ትናንት ከወጣው ከአዲሱ ጋር ሲነጻጸር ኦቨራሉ ከሚለው በላይ ነው። ለመቀየር ከመቸኮላችሁ በፊት አሁን የደረሰበትን ቁጥር ከአዲሱ ጋር አስተያዩ።

ስድስተኛ፦ ገበያው

ጥሩ ካርድ መምረጥ ግማሹ ሥራ ነው። ግማሹ በስንት እንደገዛችሁት ነው።

ሁለት ዓይነት ግዢ አለ። «አሁን ግዛ» ብላችሁ የተጠየቀውን መክፈል፣ ወይም የራሳችሁን ዋጋ ጽፋችሁ ትዕዛዝ አስቀምጣችሁ መጠበቅ። መጠበቅ ከቻላችሁ ሁልጊዜ ሁለተኛው። በተፈላጊ ካርድ ላይ በሁለቱ ዋጋዎች መሐል ያለው ክፍተት በሺዎች የሚቆጠር ስታብስ ሊሆን ይችላል።

ስትሸጡ ጌሙ 10 ከመቶ ይቆርጣል። ይህን የሚረሳ ሰው ያተረፈ መስሎት ይከስራል። በ50,000 ገዝታችሁ በ54,000 ብትሸጡ እጃችሁ የሚገባው 48,600 ነው። ለማካካስ እንኳ ከ55,556 በላይ መሸጥ አለባችሁ። በሌላ በኩል ይህንኑ እንደ ኪራይ ማሰብ ይቻላል። ውድ ካርድ ገዝታችሁ፣ ጥቂት ሳምንት ተጫውታችሁበት፣ ዋጋው ሳይወርድ ከሸጣችሁት የከፈላችሁት ያንን 10 ከመቶ ብቻ ነው።

አዲስ ካርድ በወጣበት ሰዓት አትግዙ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ካርዱ ጥቂት ነው፣ የሚፈልገው ብዙ ነው፣ ዋጋው ሰማይ ይነካል። ሰዎች ፓክ (የካርድ ጥቅል) እየከፈቱ ሲሄዱ ይወርዳል። ጥቂት ቀን ታገሡ።

ላይቭ ሲሪስ ካርዶች ደግሞ የራሳቸው ጠባይ አላቸው። በእውነተኛው ሊግ የሚጫወተው ሰው በሚያሳየው ብቃት ቁጥራቸው በየጊዜው ይስተካከላል። ሰውየው ሁለት ሳምንት ጥሩ ከመታ ቀጣዩ ማሻሻያ ሳይመጣ ዋጋው መውጣት ይጀምራል። ማሻሻያው በመጣ ማግስት ተስፋ የተጣለበት ሳይሆንለት ሲቀር ይወድቃል። ልትጫወቱበት ብቻ የምትገዙ ከሆነ የመግዣ ሰዓታችሁ ያ ማግስት ነው።

ሽልማት ለማግኘት ካርዶችን ስብስብ ውስጥ ለመቆለፍ ስትሉ ቆም በሉ። አንድ ጊዜ የተቆለፈ ካርድ አይሸጥም። ልትጫወቱበት ትችላላችሁ፣ ስታብሱ ግን አይመለስም። ስለዚህ ከመቆለፋችሁ በፊት የሽልማት ካርዱን ከላይ ባየነው መንገድ አንብቡት፦ አራቱን ቁጥሮች፣ ቦታውን፣ ፒቸር ከሆነ የኳስ ስብጥሩን። ሽልማት ሁሉ ለቡድናችሁ አይሆንም። ካርዶቹም ወደሚቀጥለው ዓመት ጌም አይሻገሩም፤ ወቅቱ እየተገባደደ ሲሄድ ለስብስብ የሚከፈለው ስታብስ የሚያገለግለው ለጥቂት ወራት ነው። ወቅቱ ገና ሲጀምር ከሆነ ግን ከአንድ ምድብ ጀምራችሁ ርካሽ ርካሾቹን በትዕዛዝ እየገዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሙሉት፣ ውዶቹን ሁለት ሦስት ካርዶች ለመጨረሻ አቆዩ።